የጉና ቀይ አፈርና የፎገራ ዋልካ



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ሲደርስ በስተቀኙ ደን የለበሰ ተራራ ያያል፤ ጣራ ገዳም የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። በስተግራው ደግሞ እስከ ጣና ዳር የሚዘልቅ ለጥ ያለ ሜዳ ይታያል። ወሩ ግንቦት ሆኖ እርሻው ተገልብጦ ከታየ፣ በተራራው ጥግ ያለው አፈር ቀይ፣ በሜዳው ያለው ግን ጥቁር ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣውን አቀበት የያዘ መንገደኛም ይህንኑ ያያል፤ ጥቁሩን ከኋላው ትቶ ወደ ቀዩ ይወጣል።

ከእናንተ ከደጋፊዎቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣልን አንድ ጥያቄ አለ። «የገበሬው ሁሉ ችግር ምርት ማጣት ከሆነ፣ ለሁሉም ያው ዘርና ያው ማዳበሪያ ቢሰጠው አይበቃምን?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ መልስ ለመስጠት የምንሞክረው ከእግራችን ሥር ካለው ነገር ተነሥተን ነው፤ ይኸውም ሸክላ ነው። ሸክላ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጀበናና ምጣድ ነው። ይሁን እንጂ እህሉን የሚያበቅለውም ሆነ በውኃ የሚያሰጥመው፣ ቤቱን የሚያቆመውም ሆነ የሚያዘምመው፣ አልፎም የሰውን እግር የሚያሳብጠው ይኸው ሸክላ ነው። ዓመታቱን በአገራችን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በመጀመሪያ ሸክላ ምን እንደሆነ እንይ። እርጥብ አፈር አንሥቶ በጣቱ ያሸ ሰው ሦስት ነገር ያገኛል። አሸዋ ይሻክራል፤ ደለል እንደ ዱቄት ይልማል፤ ሸክላ ግን ይጣበቃል፣ ይለጠጣል፣ የተሰጠውን ቅርጽም ይይዛል። የሸክላ ቅንጣት ከአንድ ሚሊሜትር 1,000ኛ ክፍል ሁለት እጅ እንኳ የማትሞላ ናት። በዓይን አትታይም። አሸዋ የተፈረፈረ ድንጋይ ነው፤ ሸክላ ግን ድንጋዩ በብዙ ሺሕ ዓመት ዝናብ እየሟሟ ከተለወጠ በኋላ እንደ ገና የተሠራ አዲስ ማዕድን ነው። ስለዚህ ሸክላን «የደቀቀ ድንጋይ» ብሎ ማሰብ ነገሩን ያሳስታል።

ይህች ቅንጣት እንደ ብራና መጽሐፍ በቅጠል በቅጠል የተደራረበች ናት። ቅጠሎቹ የሚሠሩት ከሁለት ዓይነት ገበታ ነው፤ አንደኛው የሲሊካ፣ ሁለተኛው የአሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱም ከኦክስጅን ጋር የተያያዙ ናቸው። የሸክላ ማዕድናት ልዩነት የሚመጣው ገበታዎቹ ከሚደራረቡበት ሥርዓት ነው። ካኦሊናይት በሚባለው ውስጥ አንድ የሲሊካና አንድ የአሉሚኒየም ገበታ ተለጥፈው አንድ ቅጠል ይሆናሉ፤ ቅጠሎቹም እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለሚያያዙ ውኃ በመካከላቸው አይገባም። ስሜክታይት በሚባለው ውስጥ ግን የአሉሚኒየሙ ገበታ በሁለት የሲሊካ ገበታዎች መካከል ይውላል፤ ቅጠሎቹም እርስ በርሳቸው የተያያዙት በላላ ሁኔታ ነው። ውኃ ሲመጣ በየቅጠሉ መካከል ይገባል፤ ያን ጊዜ መጽሐፉ ያብጣል። ውኃው ሲወጣ ደግሞ ይኮማተራል።

ከዚህ የተነሣ የሚመጣው ልዩነት እጅግ ትልቅ ነው። የአንድ ግራም ካኦሊናይት ገጹ ሁሉ ተደምሮ ከ10 እስከ 30 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው፤ የአንድ ግራም ስሜክታይት ግን የውስጥ ቅጠሎቹ ሲቆጠሩ እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ግማሹ ስሜክታይት የሆነ 100 ግራም አፈር፣ ማለት አንድ ጭብጥ የማይሞላ፣ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ቢነጠፉ ከ10 ጥማድ በላይ መሬት ይሸፍን ነበር። በዚህ ሁሉ ገጽ ላይ ኔጋቲቭ የሚባለው የኤሌክትሪክ ኃይል አለ። ፖዚቲቭ የሆኑትን የእህል ምግቦች፣ ይኸውም ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምንና ፖታሲየምን፣ ዝናብ ይዟቸው እንዳይሄድ አጥብቆ የሚይዛቸው ይኸው ነው። ሥር ሲጠይቅ ይለቃል። እንግዲህ ሸክላ የአፈር ጎተራ ነው ብንል ትክክል ነው፤ የስሜክታይት ጎተራ ሰፊ ነው፣ የካኦሊናይት ጎተራ ግን ጠባብ ነው።

እንግዲህ ወደ ጣራ ገዳም እንመለስ። የደቡብ ጎንደር ደጋ የቆመበት ድንጋይ በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ጉናም ከዚያ በኋላ የመጣ፣ ዛሬ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከፍታውም ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ የፎገራ ሜዳ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱም ስፍራ የአፈሩ ምንጭ የሆነው ድንጋይ ተመሳሳይ ነው። ታዲያ አፈሩ ለምን ተለያየ?

ምክንያቱ ውኃው የሚሄድበት መንገድ ነው። በተዳፋቱ ላይ ዝናቡ አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ሲያልፍም ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን፣ ከሲሊካውም ብዙውን አሟሙቶ ይወስዳል። የማይሟሟው አሉሚኒየምና ብረት በቦታው ይቀራል። ሲሊካ ሲያንስ የሚሠራው ሸክላ ባለ ሁለት ገበታው ካኦሊናይት ነው፤ የቀረው ብረት ደግሞ ልክ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ያቀላዋል። ከተራራው የታጠበው ግን አልጠፋም። በርብና በጉማራ ወንዞች፣ ከመሬት በታችም በሚሰርገው ውኃ አድርጎ ወደ ሜዳው ወረደ። ሜዳው ላይ ውኃ የሚወጣበት ስለሌለው ሲሊካው፣ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ እየተጠራቀመ ስሜክታይትን ሠራ። ተራራው ያጣውን ሜዳው አገኘ ማለት ነው። በብዙ የዓለም ክፍል ባዛልት ባለበት አገር ሁሉ ይኸው ሥርዓት ይታያል፤ ነገር ግን እንደ ደብረ ታቦርና ፎገራ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ጥቁሩን አፈር የፎገራ ሰው ዋልካ ይለዋል። የሚያውቁት ሁሉ እንደሚሉት ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሙጫ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሰው ክንድ የሚያስገባ፣ ጥልቀቱም አንድ ሜትር የሚደርስ ይሆናል። ከላይ ያለው ልቅ አፈር እየተንኮታኮተ ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ሸክላው ስለሚያብጥ የታችኛው አፈር ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። እንዲህ እያለ አፈሩ ራሱን በራሱ ያርሳል። ቤት የሠራበት ሰው ግን አያመሰግነውም፤ ምሰሶው ይዘምማል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ መንገዱም ይጎረብጣል።

በአገራችን እንዲህ ያለው መሬት 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሆን ተገምቷል፤ ከዚህም 7.6 ሚሊዮን የሚሆነው በደጋው ክፍል ነው። በምግብ የበለጸገ አፈር ነው። ችግሩ የመጀመሪያው ዝናብ ሸክላውን ካሳበጠው በኋላ ቀዳዳው ሁሉ ስለሚደፈን ውኃው ላይ ላዩን መተኛቱ ነው። ሥር አየር አጥቶ ይታፈናል፤ ቡቃያው ይቢጫል። ስለዚህ የቀድሞ አባቶች ዋልካን ክረምቱን ሙሉ ሳይዘሩ አቆይተው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይዘሩበት ነበር፤ እህሉም ሸክላው በያዘው እርጥበት ይበስላል። ይህ ጥሩ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን ዋናው የዝናብ ወቅት ያለ ሰብል ያልፋል። ጓያም ችግር አለበት። ውኃ የተኛበትንም ሆነ የደረቀውን መሬት የሚችል እህል ስለሆነ፣ ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመት የድኃ ቤት ምግብ እርሱ ብቻ ይሆናል። ጓያን ለብዙ ወራት ያለ ሌላ ምግብ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በሽታ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ወጣቶችን ጎድቷል። የሸክላው ጠባይ በአንድ ሰው እግር ላይ ጉዳት የሚያደርሰው እንዲህ ባለ ረጅም መንገድ ጭምር ነው።

ውኃውን ለማፍሰስ የተሞከረ ነገር አለ። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ በእጁ አፈር እየዛቀ ከፍ ያለ መደብና ቦይ ይሠራ ነበር፤ ለጀርባ እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። በ1978 ዓ.ም. የተጀመረው የዋልካ አፈር የጋራ ፕሮጀክት ከዚህ ተነሥቶ ሁለት የአገር ማረሻ ጎን ለጎን አያይዞ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ አዘጋጀ። አሠራሩ ትክክል ነው፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴውም በመደቡ ላይ በጊዜ ይዘራል። ይሁንና መሣሪያው ለከሳ በሬ ይከብዳል፤ ከአንዱ ማሳ የወጣው ውኃም የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል። በእኛ አስተያየት ዋልካን በአንድ ገበሬ ማሳ ብቻ ማጠንፈፍ አይቻልም፤ መንደሩ ሁሉ ተስማምቶ እስከ ወንዝ የሚደርስ ቦይ ካልቆፈረ በቀር ገንዘብ ማባከን ነው።

ፎገራ ግን ሌላ መንገድ አገኘ። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች በአካባቢው ባሉ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ሩዝ አስሞከሩ። ሩዝ እግሩ ውኃ ውስጥ ካልሆነ የማይወድ ሰብል ነው። ያበጠ ስሜክታይት ውኃ ወደ ታች ስለማያሳልፍ፣ ሌላው አገር ገንዘብ አፍስሶ የሚሠራውን የሩዝ ማሳ ወለል ፎገራ ከተፈጥሮ አግኝቶታል። ገበሬው ውኃውን ከማባረር ይልቅ በጠባብ ድንበር ከልሎ ያቆየው ጀመር። በኅብረት ሥራው ስም «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያም በአካባቢው ተስፋፋ። ዛሬ ፎገራ በአገራችን ከታወቁት የሩዝ አካባቢዎች ዋነኛው ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በወረታ ይገኛል። የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ ይውላል። ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላም በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሌላ ጥራጥሬ የሚዘሩ ብዙዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሜዳው ከሥጋት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቅልቀው ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ ለወራት የማይለቅ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና ክሳት የሚያመጣ በሽታ ተነሣ። በመጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር፤ በምርመራ ግን ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ በቆላው በመተማና በሑመራ የሚታወቅ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ ወርደው የሚመለሱ ሰዎች እንዳመጡት የሚታመን በሽታ ነው። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ትንሽዋ የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን በዋልካ ስንጥቅ ውስጥ ትሸሸጋለች፤ ሌሊት ወጥታ ደጅ የተኛውን እረኛና ማሳ ጠባቂ ትነክሳለች። ስንጥቁን መድፈን የሚቻል አይደለም። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ግን ደጅ ለሚያድረውም ይዘረጋል፤ ሕመምተኛውም በጊዜ ጤና ጣቢያ ከደረሰ ይድናል።

አሁን ወደ ቀዩ አፈር እንውጣ። ከሩቅ ሲያዩት የሚያምር አፈር ነው። ውኃ አይተኛበትም፤ በሬም አያስቸግርም። ነገር ግን ጎተራው ጠባብ ነው ብለናል። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ሲጨርስ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከሸክላው ውስጥ አሉሚኒየም ሟሙቶ ይወጣና የእህሉን ሥር ያኮላሸዋል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ገበሬው ዕዳ ገብቶ ገዝቶ የበተነው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ከብረቱና ከአሉሚኒየሙ ጋር ተጣብቆ ይያዛል፤ አፈሩ ውስጥ አለ፣ እህሉ ግን አያገኘውም። በፋርጣና በላይ ጋይንት ተዳፋት ላይ የሚኖር ገበሬ «መሬቱ ማዳበሪያውን በላው» ቢል እውነቱን ነው። ከአገራችን የሚታረስ መሬት ከ40 በመቶ በላይ አሲዳማነት እንደሚያጠቃው ባለሙያዎች ይናገራሉ።

ለዚህ መድኃኒቱ ኖራ ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከአፈሩ ጋር ሲቀላቀል አሲዱን ያበርዳል፣ አሉሚኒየሙን ያስቀምጣል፣ የተያዘውንም ፎስፎረስ በመጠኑ ያስለቅቃል። ችግሩ የሚያስፈልገው መጠን ነው፤ ማዳበሪያ በኪሎ ሲሆን ኖራ በብዙ ኩንታል ነው። ከጎጃም ከደጀን ተፈጭቶ ጉና ግርጌ እስኪደርስ የመኪናው ኪራይ ከኖራው ዋጋ ይበልጣል፤ ከመኪና መንገዱ በላይ ደግሞ በአህያ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ ላይ ለተነሣው ጥያቄ ግማሹ መልስ እዚህ ላይ ነው። በፎገራ ቦይ ሳይኖር፣ በፋርጣ ኖራ ሳይኖር የሚሰጥ ማዳበሪያ ለጋሹን ደስ ያሰኝ እንደሆነ እንጂ ለተቀባዩ ትርፉ ጥቂት ነው። አንዱ ገበሬ አካፋ ሲያስፈልገው ሌላው አህያ ያስፈልገዋል።

ኖራ እስኪመጣ ገበሬው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አሲድ የሚችሉትን ሰብሎች፣ ድንችንና እንግዶን ይተክላል፣ ይዘራል። የጓሮውን መሬት በአመድና በፍግ ያለማል፤ የደብረ ታቦር ጓሮ አፈር ከማሳው አፈር ጠቆር ብሎ የሚታየው ስለዚህ ነው። ማሳው ግን ፍግ አያገኝም፤ ኩበቱ ምድጃ ይገባል። ያ ምን ያህል ጉዳት እንደሆነ ለማየት ጣራ ገዳም ደን ውስጥ ገብቶ አፈሩን ማንሣት ይበቃል። የወደቀው ቅጠል በስብሶ ከሸክላው ጋር ተጣብቋል፤ ቅንጣቶቹን እንደ ገብስ ቆሎ አንኳልሎ አያይዟቸዋል። አፈሩ በእጅ ሲይዙት ይፈረከሳል፣ ውኃም ይጠጣል። የበሰበሰው ቅጠል ራሱ ካልሲየምና ፖታሲየም የሚይዝ ሁለተኛ ጎተራ ነው። ከደኑ ውጭ ባለው ገላጣ ተዳፋት ላይ ያ ሁሉ ስለሌለ የክረምት ዝናብ ሸክላውን በቅንጣት በቅንጣት ፈትቶ ይወስደዋል። የወንዞቹ ውኃ በሐምሌ የሚደፈርሰው በዚህ ሸክላ ነው፤ ከፊሉ በሜዳው ላይ፣ ከፊሉ በጣና ውስጥ ይቀራል። መነኮሳቱ ደኑን ያቆዩት ለገዳሙ ክብር ነው፤ አፈሩን ግን አብረው አቆዩት።

ሸክላ ከእርሻ ሌላ ያለውን ጥቅም በአጭሩ እንጥቀስ። ሸክላ ሠሪዋ እኛ በላብራቶሪ የምናውቀውን በጣቷ ታውቀዋለች። በጣም የሚያብጥ ሸክላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ከሌላ አፈር ጋር ትቀላቅለዋለች፣ ወይም የተሰበረ ገል ወቅጣ ትጨምርበታለች። የገሉ ፍርፋሪ ምጣዱ እሳት ላይ ሲሞቅና ሲበርድ እንዳይፈነዳ ይረዳል። ጭቃው ደርቆ ሳይተኮስ ውኃ ቢነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። እሳቱ 500 ወይም 600 ዲግሪ ሲያልፍ ግን በሸክላው ቅጠል ውስጥ የታሠረው ውኃ ወጥቶ ይሄዳል፤ ቅጠሉ ይፈርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ምጣዱ እንጂ ጭቃው አይመለስም። አዲሱ ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸውም ቀዳዳው በቅባት ተደፍኖ እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። በጎንደር አካባቢ በዚህ ሥራ የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። በምጣዷ እየጋገሩ ሠሪዋን «ቡዳ» እያሉ ከማኅበር ማራቅ በየአካባቢው የኖረ ክፉ ልማድ ነው፤ ዛሬም ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አይቻልም።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ደግሞ የታወቀችው በሌላ ሥራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ተልከው የመጡትን የወንጌል መልእክተኞች፣ ቫልድማየርን፣ ዛልሙለርን፣ ቤንደርንና ሌሎቹንም፣ መድፍ እንዲሠሩላቸው ያደረጉት በዚያ ነው። ለስብከትና ለእጅ ሥራ የመጡ ሰዎች ነሐስ አፍሳሾች ሆኑ። ነሐስ ለማፍሰስ ወደ 1,000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልጋል፤ እቶኑና ሻጋታው ያን የሚችል ሸክላ ካልሆነ ብረቱ ከመቅለጡ በፊት ግድግዳው ይቀልጣል። ካኦሊናይት የበዛበት አፈር እሳት ይችላል፤ ካልሲየምና ብረት የበዛበት ግን ፈጥኖ ይለሰልሳል። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» ከጋፋት መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት ተጎትቶ፣ በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባረፉበት ተራራ ላይ ቀረ።

በመጨረሻ ስለ እግር እንናገር፤ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ዋናው ነገር እርሱ ነውና። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ እግራቸው ቀስ በቀስ ያብጣል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ እንደ ኪንታሮት ያለ ነገር ይወጣበታል፣ በየጊዜው እየተቃጠለ በትኩሳት ያስተኛል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ይለዋል። በትንኝ የሚመጣ የዝሆኔ ዓይነትም አለ፤ ይህኛው ግን ትል የለበትም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ በአገራችን ሲሠራ በባዶ እግር ከኖሩ ሕመምተኞች የብሽሽት ዕጢ ውስጥ የአፈር ደቃቅ አገኘ፤ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለበት፣ ማለት ሸክላ ነበር። ቅንጣቷ እጅግ ትንሽ ስለሆነች በእግር ቆዳ በኩል ትገባለች፤ የሰውነት ፈሳሽ የሚመለስበትን ቀጭን ቧንቧ ታቆስለዋለች፣ ውሎ አድሮም ትዘጋዋለች። ከጣና ማዶ በጎጃም የተደረገ ጥናትም በሽታው የበዛበት አፈር ስሜክታይት፣ ሚካና ኳርትዝ የሚባሉ ማዕድናት ያሉበት መሆኑን አሳይቷል።

ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል ለሚለው፣ በ2004 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በወላይታ የታየው፣ አንዳንድ ሰዎች ሰውነታቸው ለዚህ ማዕድን አብዝቶ እንዲቆጣ የሚያደርግ ነገር ከዘር ይወርሳሉ የሚል ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም የሚታየው ስለዚህ ነው፤ እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ነገር ግን ጎረቤት ይሸሻል፤ ልጅቱ አትታጭም፤ ልጁ በክፍል ጓደኞቹ ስለሚሸሽ ትምህርት ያቋርጣል። በ2005 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የተደረገ ጥናት በዚህ በሽታ የተያዙት ከ1,500,000 በላይ እንደሚሆኑ፣ በሚያሰጋ አካባቢ የሚኖሩትም ወደ 35 ሚሊዮን እንደሚጠጉ አመልክቷል።

መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ መታጠብ ነው። ለተያዘውም ሰው ተስፋ አለው። እግሩን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጥቦ፣ ጥቂት በረኪና ባለበት ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ አድርቆና ቫዝሊን ቀብቶ፣ ካልሲና ጫማ ቢያደርግ፣ ሲያርፍም እግሩን ከፍ ቢያደርግ እብጠቱ ይቀንሳል። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 ሕመምተኞች የተካፈሉበትና በ2010 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን ያደረጉት ሰዎች የትኩሳቱና የመቃጠሉ ሕመም የሚነሣባቸው ጊዜ በአምስት እጅ አንዱን ያህል ቀንሷል። አምስት እጅ አንድ ማለት ለገበሬ ብዙ የሥራ ቀን ነው።

ጫማ ማደል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቤቱ የአፈር ወለል ከሆነ፣ ውኃውም ከአንድ ሰዓት መንገድ በእንስራ የሚቀዳ ከሆነ፣ እግር ማጠቢያው ለምግብ ማብሰያው ከሚያስፈልገው ላይ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ በቀይ አፈር አገር ጫማና ምንጭ ማጎልበት ተለያይተው መታየት የለባቸውም እንላለን። ደግሞም አስቀድሞ ያበጠ እግር በገበያ ጫማ ውስጥ አይገባም። በዚህ ሥራ ቀድሞ የተነሣው በወላይታ የወንጌል መልእክተኛ በነበሩት በሐኪሙ በዶክተር ናታን ባርሎ የተጀመረው አገልግሎት ነው፤ በዚያ ከሕመምተኞቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ጫማ መስፋት ተምረው ለሌሎች ይሰፋሉ። ልኩ የሚወሰደው እግሩ ታጥቦ በፋሻ ከተጠቀለለ በኋላ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እብጠቱ ሲጎድል ጫማው ይሰፋልና ልኩ እንደ ገና ይወሰዳል።